ቅቤ የናጠችው የፈረንሳይ ወይዘሮ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚሁ አምድ ላይ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ለመጣልኝ ጥያቄ መልስ ስሰጥ፣ በመሃል ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት ወጥታ አሜሪካ ገጠር ገብታ ቅቤ እየናጠች ትሸጥ የነበረች አንዲት ባላባት እንደነበረች በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሼ አልፌ ነበር። ከዛ በኋላ የመጡልኝ መልእክቶች ከዋናው ጥያቄ ይልቅ ስለዛች አንዲት መስመር ሆኑ፣ እውነትም ለመናገር እኔም ስለሷ መጻፍ ስፈልግ ስለቆየሁ ደስ ብሎኛል፣ ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለሷ ሰጥቻታለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሰላም እህታችን፣ ያቺ ቅቤ ሻጭ ያልሻት ሴትዮ ማን ናት? ስሟን እንኳን ሳትነግሪን አለፍሽ። ደሞስ የንግሥት እልፍኝ የለመደች ሰው እንዴት ላም ማለብ ቻለች? ማን አስተማራት?

መልስ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ ስሟን አለመጥራቴ ጥፋት ነው። ኦንሪዬት ሉሲ ዲሎን ትባላለች፣ በኋላ በባሏ ማርኪዝ ደ ላ ቱር ዱ ፓን ተብላ ነው የታወቀችው፣ እኔ ግን ሉሲ እያልኩ ልቀጥል። የተወለደችው ፓሪስ የካቲት 25 ቀን 1770 ነው። በአባቷ በኩል ዘራቸው ከአየርላንድ ነው፣ አባቷ አርተር ዲሎን ጄኔራል ነበር፣ እናቷ ደሞ የንግሥት ማሪ አንቷኔት ደንገጡር ነበረች። እናትየው በሳንባ በሽታ ስትሞት ሉሲ ገና 12 ዓመቷ ነው፣ ከዛ በኋላ ያሳደገቻት አያቷ ናት፣ እና አያት ሲባል እኛ የምናስበው ጉያዋ ገብተን የምንተኛባት አያት አይደለችም፣ ክፉና ቁጡ ሴት ነበረች፣ ሉሲ ስለሷ ስትጽፍ ሃምሳ ዓመት ሞልቷትም ቁስሉ አልሻረም። የአያቷ አጎት የናርቦን ሊቀ ጳጳስ ነበር፣ ሊቀ ጳጳስ ይባል እንጂ ሰውየው ከመቅደሱ ይልቅ አደን ላይ ነው የሚገኘው፣ ቤቱም ሁሌ በእንግዳ የተሞላ ነው። ልጅቷ ያደገችው እዛ ሀብትም ጭቅጭቅም በማይጠፋበት ቤት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ማን አስተማራት ላልከው፣ በልጅነቷ ብቸኛ ስለነበረች ከገጠር ከመጣችው ሞግዚቷ ከማርጌሪት ጋር ነበር የምትውለው፣ እና በዛ ሰበብ የጓዳውን ሥራ ታይ ነበር፣ ልብስ ሲታጠብ፣ ሲተኮስ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ምግብ ሲሠራ። ራሷ እንደምትለው ገና በልጅነቷ አንድ ቀን ሁሉም ነገር ቢገለባበጥብኝስ፣ ብቻዬን ብቀርስ እያለች ታስብ ነበር። ይሄ ነገር እኔን ሁሌ ይገርመኛል፣ ያን ሁሉ አሽከር በተኮለኮለበት ቤት ያለች ልጅ ስለ ድህነት እያሰበች እጇን ታለማምዳለች።

ግን የተማረችው እሱን ብቻ አይደለም። በ1787 በ17 ዓመቷ ፍሬዴሪክ የሚባል ወጣት መኮንን አግብታ ለንጉሡና ለንግሥቲቱ በይፋ ልትቀርብ ሆነ፣ ለዚህ ደሞ ሥልጠና አለው። እጅ መንሻ የሚያስተምራት ወፍራም የዳንስ መምህር ነበር፣ ፀጉሩን ነጭ ፓውደር ነስንሶ፣ የተነፋ ጉርድ ቀሚስ ወገቡ ላይ አስሮ እልፍኙ ጥግ ይቆምና ንግሥቲቱን ሆኖ ይጫወታል። እሷ ከበሩ ትገባለች፣ ሦስት ጊዜ እጅ ትነሳለች፣ ጓንቷን የምታወልቅበት ሰዓት አለው፣ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጫፍ ልትስም ስትል "ንግሥቲቱ" በእጇ ከልከል ታደርጋታለች፣ እሱም እንቅስቃሴ ለብቻው ልምምድ አለው። ከዛ በጣም ከባዱ ይመጣል፣ ጀርባ ሳይሰጡ ወደ ኋላ እየሄዱ መውጣት፣ ከኋላ የሚጎተተውን ረጅም ቀሚስ በእግር ትንሽ ትንሽ እየገፉ፣ እንዳይጠልፍ። ይሄንን ስታነብ እንደ ድራማ ነው የምታየው። እና ከ7 ዓመት በኋላ ያው እግር በረት ውስጥ ነው የቆመው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የታሪክ ተማሪ ነኝ)፦ በአብዮቱ ጊዜ ይህን የመሰለ ቤተሰብ እንዴት ተረፈ? ብዙዎቹ ተገድለው የለም እንዴ?

መልስ፦ ቤተሰቡማ አልተረፈም እህቴ። እሷና ባሏ ከነልጆቻቸው ናቸው የተረፉት።

ሲጀመር እነሱ አብዮቱን ከሩቅ አይደለም ያዩት። የባሏ አባት በ1789 የጦር ሚኒስትር ሆኖ ተሹሞ ነበር፣ ባሏ ደሞ የቬርሳይ ብሔራዊ ዘብ አዛዥ ከነበሩት አንዱ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1789 የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ብለው በዝናብ ወደ ቬርሳይ ሲተሙ እሷ እዛው ግቢ ውስጥ ናት፣ በበነጋው ሲነጋጋ ደሞ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ጥሶ ሲገባ ጩኸቱን ሰምታ ነው የነቃችው። የዛኑ ቀን ንጉሡ ተገዶ ወደ ፓሪስ ሲሄድ ለባሏ ምን አለው መሰላችሁ፣ አንተ እዚህ ቀርተህ ኃላፊ ነህ፣ እባክህ ምስኪኗን ቬርሳዬን አድንልኝ። እሷ ናት ይሄን የጻፈችው። ንጉሡ ከዛ ቀን በኋላ ቬርሳይን አላያትም።

ከዛ ነገሩ እየከረረ ሄደ። ንጉሡ ጥር 1793 ተገደለ፣ እነሉሲ ወደ ቦርዶ አካባቢ ሸሹ፣ ለ ቡይ የሚባል የባሏ ቤተሰብ ርስት እዛ አለ። እሱም በመንግሥት ታሸገ። ባሏ እየተፈለገ ስለሆነ ተለያዩ፣ እሱ ሚራምቦ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ቁልፍ ሠሪ ቤት ተደበቀ፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት፣ ከጎኗ ሠራተኞቹ የሚውሉበት ወርክሾፕ ስለሆነ ማሳል እንኳን አይችልም። እሷ በዛው በ1793 ሴት ልጅ ወለደች፣ ሴራፊን አለቻት፣ እና ከአራስ ልጅና ከሦስት ዓመት ልጇ ከኡምቤር ጋር ጊሎቲኑ፣ አንገት መቁረጫው ማሽን፣ በቆመበት ቦርዶ ከተማ ውስጥ ተደብቃ ከረመች።

ያወጣቻቸው ቴሬዛ ካባሩስ ናት። ይቺ ሴት በጣም ቆንጆ፣ ወጣት፣ እና ከፓሪስ ቦርዶን ሊቀጣ ከተላከው ከአብዮቱ ኮሚሳር ከታሊያን ጋር የምትኖር ናት፣ ብዙ ሰው ስሟን ያጠፋል፣ ግን ስንት ሰው ከሞት አስጥላለች። ሉሲ ፓሪስ እያለች በወሬ ደረጃ ታውቃት ስለነበር ጨክና ሄደችባት፣ ያቺም አላሳፈረቻትም፣ የጉዞ ወረቀቱ እንዲፈረም አደረገች። መጋቢት 1794 ላይ 150 ቶን የምትጭን ዲያና የምትባል ትንሽዬ መርከብ ላይ ተሳፈሩ፣ ወደ ቦስተን፣ 60 ቀን ፈጀባቸው።

እነሱ ባሕር ላይ እያሉ ሚያዝያ 13 ቀን አባቷ አርተር ዲሎን ተሰየፈ። ከ15 ቀን በኋላ ሚያዝያ 28 የባሏ አባትም ተከተለ፣ ያ ሰውዬ በንግሥቲቱ ችሎት ላይ ምስክር ተብሎ ቀርቦ በዛ ሁሉ ጠላት ፊት ለማሪ አንቷኔት ጎንበስ ብሎ እጅ የነሳ ሰው ነው። ሁለቱም ሲሞቱ እነሱ አያውቁም፣ መርከቡ ላይ ናቸው፣ ሕፃኗን እያጠቡ፣ ደረቅ ብስኩት እየቆረጠሙ፣ ስለ ንፋሱ እያወሩ። መርዶውን የሰሙት አሜሪካ ከገቡ በኋላ ነው። ታሪኩን ለሰው ስነግር እዚህ ቦታ ላይ ሁሌም ዝም እላለሁ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ እህቴ እኔ አገር ቤት እያለሁ ሰው ታዝዞልኝ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ እዚህ መጥቼ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ ሥራ ክቡር ነው አውቃለሁ ግን አንዳንድ ቀን ይከፋኛል። ያቺ ሴት ምን ይሰማት ነበር? አላፈረችም? ጽፋዋለች?

መልስ፦ እትዬ፣ ያንቺን መልእክት ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አዎ ጽፋዋለች፣ ግን እኔ እንደጠበቅኩት አይደለም የጻፈችው። ስሜቴ እንዲህ ነበር ብላ ብዙ አታወራም፣ እጇ የሠራውን ነው የምትናገረው።

መጀመሪያ መርከቡ ላይ። ፀጉሯ ቢጫ ረጅም ቆንጆ ፀጉር ነበር፣ ብዙ ቀን ታማ በሻሽ አስራው ተኝታ ስትፈታው ተቋጥሮ ተቋጥሮ አልበጠርም አለ። መቀስ ያዘችና አጭር አድርጋ ቆረጠችው፣ ባሏ ተናደደ፣ እሷ ግን ፀጉሯን ወደ ባሕሩ ወረወረችው፣ እና ያ ፀጉር ያመጣብኝን ከንቱ ሐሳብ ሁሉ አብሬ ጣልኩት ትላለች። ያኔ 24 ዓመቷ ነው።

ቦስተን ደርሰው ወደ ኒውዮርክ ግዛት ወደ ኦልባኒ ሄዱ፣ እዛ እነ ጄኔራል ስካይለርና እነ ቫን ሬንሰለር የሚባሉ ትልልቅ ቤተሰቦች በደንብ ተቀበሏቸው። በአባቷ ዘር በኩል እንግሊዝኛ ስለምትችል ቋንቋው አልቸገራትም፣ ይሄ መቼም ትልቅ ዕድል ነው፣ አንቺ ይሄንን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ግን ከትልልቆቹ ሰዎች ቤት ተጠግቶ መኖርን አልመረጡም፣ ገበሬ ቤት ተከራይተው እርሻውን ተለማመዱ፣ ከዛ በኦልባኒና በትሮይ መካከል የራሳቸውን እርሻ ገዙ። የአካባቢው የገበሬ ሚስቶች የሚለብሱትን ጥቁርና ሰማያዊ መስመር ያለው የሱፍ ጉርድ ለበሰች። በሌሊት ተነስታ ላም ታልባለች። ቅቤዋን ስትናጥ ደሞ ንጹሕ አድርጋ በቅርጽ ማውጫ ታትመዋለች፣ የቤታቸው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ያሉበት ማኅተም ነው፣ እና ኦልባኒ ገበያ ላይ ያ ቅቤ ተፈላጊ ሆነ። እኛ አገር ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲመጣ ባለሙያዋን ከቅቤው ሽታ እናውቃታለን፣ የሷ ደሞ በላዩ ላይ ይነበብ ነበር። ይሄ ማኅተም ነገር በጣም ነው የምወደው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ብላ ነው የምትሸጠው፣ አልተደበቀችም።

አፍራ እንደሆነ ለጠየቅሽኝ ይሄን ልንገርሽ። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ መጥረቢያ ይዛ የበግ ታፋ አጥንት እየፈለጠች ነው፣ ብረት ላይ ሰክታ ለምሳ ልትጠብሰው። ከኋላዋ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ በፈረንሳይኛ፣ የበግ ታፋን ከዚህ በላይ በግርማ መሰካት አይቻልም አላት። ዞር ስትል ታሌራን ነው። ታሌራን ማለት በኋላ የናፖሊዮን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት፣ በምላሱ አውሮፓ ሁሉ የሚፈራው ሰው ነው፣ እሱም ያኔ ስደተኛ ሆኖ አሜሪካ ነበር። መጥረቢያውን አልጣለችም፣ ሮጣም አልገባችም፣ በበነጋው መጥቶ ያንኑ ታፋ አብሯቸው እንዲበላ ጋበዘችው። መጣም፣ በላም።

ግን እትዬ፣ ሁሉ ነገር በጀግንነት አለፈ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። በ1795 ሴራፊን በድንገት ታማ ሞተች፣ ያቺ ቦርዶ አካባቢ ተደብቃ የወለደቻት፣ መርከቡ ላይ ያጠባቻት ልጅ። በአካባቢው የካቶሊክ ቄስ አልነበረም። ባሏ ራሱ ጸሎቱን አድርሶ፣ ጫካቸው መሃል ለእርሻው ሰዎች መቀበሪያ ተብሎ በታጠረች ትንሽ ቦታ ልጁን በእጁ ቀበራት። ሉሲ በየቀኑ ማለት ይቻላል እዛች ቦታ እየሄደች ትንበረከክ ነበር፣ ወደ እግዚአብሔር የተመለስኩት ያኔ ነው ትላለች፣ ከዛ በፊት እንደ ወጉ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ሰው ነበረች እንጂ እምነቱ አልገባኝም ነበር ነው የምትለው። ወገን በሌለበት አገር ልጅ መቅበር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1796 ወደ ፈረንሳይ መመለስ ተቻለ ሲባል ባሏ በደስታ ሲዘጋጅ እሷ ደስ አላላትም። ቅር እያላት ነው የሄደችው፣ ስሜቷን ለባሏም አልነገረችውም። ያ የገበሬ ኑሮ እንደ ቅጣት የምታየው ኑሮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሰማትም ነበር።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ስለዚች ሴት ትንሽ ጎግል አድርጌ ነበር። ባሪያዎች ነበሯት። ታዲያ ለምን ታወድሺያታለሽ? ይሄንን ለምን ዘለልሽው?

መልስ፦ ባለፈው ያነሳኋት በአንድ መስመር ስለነበር ነው እንጂ ልደብቀው ፈልጌ አይደለም፣ እና ጥያቄህ ትክክል ነው።

አዎ፣ እርሻውን ሲገዙ ሰው ገዝተዋል። መጀመሪያ ሚንክ የሚባል ወጣት፣ ቀጥሎ አባቱን ፕራይምን፣ ከዛ ጁዲት የምትባል ሴትና ባሏን። ኒውዮርክ ውስጥ ያኔ ባርነት ሕጋዊ ነበር፣ ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣው ሕግ የወጣው በ1799 ነው፣ ሙሉ በሙሉ የቀረው ደሞ በ1827። ኦልባኒ አካባቢ ያሉ የደች ዘር ገበሬዎች ብዙዎቹ ባሪያ ነበራቸው። የሷ ቤተሰብ ራሱ ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም፣ አባቷ ካሪቢያን ውስጥ የቶቤጎ አገረ ገዥ ነበር፣ በ1789 ፈረንሳይ ውስጥ በተጠራው የተወካዮች ጉባኤ ላይም የተቀመጠው የማርቲኒክ ተወካይ ሆኖ ነው፣ ማርቲኒክ ማለት ደሞ በባሪያ ጉልበት ስኳር የሚመረትባት ደሴት ናት።

ራሷ የጊሎቲን ስደተኛ ሆና ነፃነት ፍለጋ ባሕር ተሻግራ መጥታ፣ ሰው በገንዘብ ስትገዛ ነገሩ አልከነከናትም ማለት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ስትጽፈው የማፈር ነገር አለበት። ግን ገዛች። የቅቤው ታሪክ ሲወራ እነዚህ አራት ሰዎች አብረው መወራት አለባቸው፣ እርሻው በሷ እጅ ብቻ አልቆመም። በ1796 ሲሄዱ አራቱንም ነፃ አወጧቸው። ሊሸጡን ነው ብለው ተጨንቀው ቆመው ሳለ ነፃ ናችሁ ሲባሉ እንዴት እንዳለቀሱ ጽፋለች። እኔ እዛ ገጽ ላይ የሚያስቆጨኝ ጁዲት የራሷን ማስታወሻ አለመጻፏ ነው፣ የዛን ቤት ታሪክ ከጁዲት አፍ ብንሰማው ምን እንደሚመስል አስቡት፣ ቅቤውን በሌሊት አብራት የናጠችው ማን ነበረች? ሉሲን የማደንቀው ቢያንስ ስማቸውን ስለጻፈች ነው፣ ብዙዎቹ የዘመኗ ሰዎች "አንድ አገልጋይ" ብለው ነው የሚያልፉት። ከዛ በላይ ግን ይቅርታ ልሰጥላት እኔ ማነኝ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ናፖሊዮንን አግኝታዋለች ወይ?

መልስ፦ አዎ፣ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ። ዘመድም ቢጤ ናቸው፣ የእንጀራ እናቷ የናፖሊዮን ሚስት የጆሴፊን የአክስት ልጅ ነበረች። ናፖሊዮን በ1808 ባሏን ብራስልስ ላይ ገዥ አድርጎ ሾመው (ቤልጅየም ያኔ በፈረንሳይ ሥር ናት)። በኋላ በ1813 ባሏ በሰው ወሬ ተሽሮ ሲቀር፣ እሷ ራሷ ሄዳ ንጉሠ ነገሥቱን አነጋገረችው፣ እና ባሏ አሚየን ላይ ተሾመ። ፈሪ አልነበረችም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ጋዜጠኛ ነኝ)፦ ማስታወሻው የተጻፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ከሆነ እንዴት ይታመናል? ባላባት ስለራሱ ሲጽፍ ያው ራሱን ነው የሚያሳምረው።

መልስ፦ ጥሩ ጥርጣሬ ነው። መጻፍ የጀመረችው ጥር 1 ቀን 1820 ነው፣ 50 ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት፣ እና የምትተርከው የ30 ዓመት የ40 ዓመት ነገር ነው፣ ስለዚህ ቃል በቃል ያስቀመጠችውን ንግግር ሁሉ እንደ ካሴት ቅጂ መውሰድ አይቻልም። ቀን ላይም ትሳሳታለች። ሰው ላይ ፍርዷ ፈጣን ነው፣ የማትወደው ሰው ላይ ትከብዳለች፣ አብዮተኞቹ ምን ጎድሏቸው ተነሱ የሚለው ላይ ብዙ አትቆምም፣ የረሃቡን ነገር የምታየው ከመስኮት ነው። ይሄ ጉድለት ነው፣ አንብቦ ማመዛዘን የኛ ፈንታ ነው።

ግን ሁለት ነገር እንዳምናት ያደርገኛል። አንደኛው፣ ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ እኔ መጽሐፍ እየጻፍኩ አይደለም ነው የምትለው፣ ሕይወቴን ነው የምመዘግበው። እውነትም በሕይወት እያለች አላሳተመችውም፣ የታተመው ከሞተች ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ የልጅ ልጇ ልጅ ነው ያሳተመው፣ የአንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት ማስታወሻ በሚል ርዕስ። ለዝና የሚጽፍ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሁለተኛው ነገር ዝርዝሩ ነው። ራሱን ለማሳመር የሚጽፍ ሰው ንጉሡ ምን እንዳለ ያስታውሳል፣ ቀሚሱ ወደ ኋላ ሲኬድ በየትኛው እግር እንደሚገፋ ግን አይጽፍም። የራሷን ወገን ደሞ አትምርም፣ ሲስቅና ሲጨፍር ወደ ገደሉ እየሄደ እንደነበር ደጋግማ ትላለች፣ ጳጳሱ አጎቷ በዕዳ ተዘፍቆ አደን ሲያድን፣ መኳንንቱ ስለ አዲስ ነገር ማውራት ፋሽን ስለሆነ ብቻ ስለ ለውጥ ሲያወሩ፣ እሷም ራሷ ምንም እንዳልገባት። ራሴንም ጭምር ነው የምትለው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ 67 ነው። ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ልጆቼ ጻፈው ጻፈው ይሉኛል፣ ደብተር ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይቺ ሴት በ50 ዓመቷ ከየት ጀመረች? ጨርሳውስ ነበር?

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ጥያቄዎን በመጨረሻ ስለላኩልኝ ነው መጨረሻ ላይ ያደረግኩት እንጂ ከሁሉም በላይ ልመልሰው የፈለግኩት የርስዎን ነው።

ከየት ጀመረች፣ ከልጅነቷ ነው የጀመረችው፣ ከእናቷና ከዛች ከክፉ አያቷ። ለማን ጻፈች ካሉኝ ደሞ ለልጇ ነው። ስድስት ልጅ ወልዳለች። ሴራፊን እርሻው ላይ ቀረች፣ አንዱ በስደት እንግሊዝ አገር ሕፃን ሆኖ ሞተ። የመጀመሪያው ኡምቤር፣ ያ በሦስት ዓመቱ መርከብ ላይ የተሳፈረው፣ ከመኮንን ጋር ተጣልቶ በሽጉጥ ቀጠሮ ተገናኝተው በ1816 ተገደለ፣ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ በ1817 ሴሲል የ17 ዓመት ልጅ ሆና በበሽታ ሞተች። እንግዲህ እነዚህን ሁሉ ቀብራ ነው በ1820 ብዕር ያነሳችው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ደሞ ትልቋ ሻርሎት በ1822 ሞተች። የቀረላት የመጨረሻ ልጇ ኤማር ብቻ ሆነ፣ እና ማስታወሻው ለሱ ነው።

እንዴት ጻፈችው ካሉኝ፣ ቁጭ ብላ በአንድ ዓመት አልጻፈችውም። ባሏ ቱሪን ላይ አምባሳደር ነበር፣ እንግዳ አለ፣ ሥራ አለ፣ ትጽፋለች ትተወዋለች፣ አንዳንዴ ዓመታት ያልፋሉ፣ መልሳ ታነሳዋለች። ለ20 ዓመት ምናምን እንዲህ ነው የቆየችው። በዛ ላይ መከራው አላለቀም ነበር፣ በ1832 ኤማር ያኔ ፈረንሳይን ይገዛ በነበረው ንጉሥ ላይ በተነሳ አመፅ ገብቶ ሸሸ፣ በሌለበት ሞት ተፈረደበት፣ አባትየው ልጁን ደግፎ ጋዜጣ ላይ ስለጻፈ በእርጅናው ቦርዶ ላይ ጥቂት ወራት ታሰረ፣ እሷም ከባሏ ጋር እስር ቤቱ ገባች፣ ማንም ሳያስገድዳት። ከዛ ያንን ለ ቡይን ሸጡት። ባሏ በ1837 ሎዛን ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞተ፣ ወደ 50 ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ። እሷ ከኤማር ጋር ጣልያን አገር ፒዛ ከተማ ገብታ እዛው ሚያዝያ 2 ቀን 1853 በ83 ዓመቷ አረፈች።

ጨርሳው ነበር ወይ ላሉኝ፣ አልጨረሰችም። ትረካው መጋቢት 1815 ላይ፣ ናፖሊዮን ተግዞ ከነበረበት ከኤልባ ደሴት አምልጦ ተመልሷል ሲባል ይቆማል። ቀጣዩ ዓመት 1816 ነው፣ ኡምቤር የሞተበት። ለምን እዛ ላይ ቆመች የሚለውን እሷ አልተናገረችም፣ እኔ ግን የልጆቿን ሞት አንድ በአንድ ለመጻፍ እጇ እምቢ ያላት ይመስለኛል። ስለ ሴራፊን ጽፋለች፣ ስለ ጫካዋ መቃብር ጽፋለች፣ ወደ ትልልቆቹ ልጆቿ ሞት ስትቃረብ ግን ቆመች።

ስለዚህ አባቴ ደብተሩን ሲከፍቱ መጨረሻውን አያስቡት። እርስዎ ደሞ መምህር ነዎት፣ የመጀመሪያ ቀን ክፍል የገቡ ጊዜ ጠመኔው ምን ይመስል እንደነበር፣ ጥቁር ሰሌዳው የት ጋ ተሰንጥቆ እንደነበር፣ ከፊት ወንበር ማን እንደተቀመጠ፣ እሱን ይጻፉልኝ። አንድ ገጽ ሲሞላ በፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ ልጆችዎ ያሳዩዎታል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።